የኪርኩን ደጅ የምትጠርገው ዘነቡ

በሚኒሶታዋ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ ውስጥ ዘነቡን የማያውቅ አበሻ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሲታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ሰው ሲሞት ወንበር የምትደረድረውም እሷ፣ ሰርግ ላይ ከሙሽራዋ እናት በላይ የምትንቆራጠጠውም እሷ። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። አንድ ነገሯ ግን ሰውን ሁሉ ግራ ያጋባ ነበር። በረዶ በጣለ ቁጥር አካፋዋን መኪናዋ ላይ ትጭንና ሴንት ፖል ከተማ ድረስ ሄዳ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትጠርጋለች። የቤታቸውን ደጅ የሚጠርገው ባሏ ሙላው ነው። «የቤታችንን በረዶ እኔ፣ የፈረንጁን እሷ! እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል፣ ሰው በተሰበሰበበት። ሰዉ ይስቃል። ዘነቡ ግን ፈገግም አትልም። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ሰላሌ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። አባቷ በኦሮምኛ እየተቆጡ፣ እናቷ በአማርኛ እያባበሉ ስላሳደጓት እስከ ዛሬ ስትናደድ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት። በናይሮቢ በኩል በስደተኝነት ሚኒሶታ ስትገባ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር በመግፋት ጀመረች፤ የዚህ አገር አበሻ ግማሹ የጀመረው እዚያው ነው። ኋላ የአስታማሚነት ኮርስ ወሰደችና ኢገን በምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ገባች። አሮጊት ታጥባለች፣ ሽማግሌ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ ወገቧ ደህና ሰንብቺ ካላት ቆይቷል። ሙላውን ያገኘችው ሚኒያፖሊስ፣ የከተማ አውቶቡስ ላይ ነው። እሱ ሾፌር፣ እሷ ተሳፋሪ። መውረጃዋን አልፎ ሲሄድ «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!» ብላ በአማርኛ ጮኸችበት፤ አበሻ መሆኑን እንኳ አላወቀችም ነበር። እሱም በመስታወት አያትና «እንዳትወርጂብኝ ብዬ ነዋ» አላት። በዚሁ ተጋቡ። አንድ ልጅ ወለዱ፣ አክሊልን። ሌላ አልመጣም። ስለዚህ ያንን አንዱን እንዴት አድርገው እንዳሳደጉት አትጠይቁኝ። ሲያስነጥስ እንኳ ሁለቱም ብድግ ይሉ ነበር።

አክሊል አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ማጅራት ገትር ያዘው። በአንድ ቀን ከኳስ ሜዳ ወደ ሴንት ፖል ሆስፒታል አልጋ። እናቱን አላውቅ አለ፤ እሷ «አክሊሌ» ስትለው በባዕድ ዓይን ያያታል። ዶክተሩ «ዛሬና ነገ ወሳኝ ናቸው» አለና ወጣ። ዘነቡ ያን ጊዜ ኮቷንም ሳትደርብ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከሆስፒታሉ በር ወጥታ ሄደች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። አየር ነበር የፈለገችው። ከመንገዱ ማዶ ጥቁር የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አየች፤ በሩ ተዘግቷል፣ ደረጃው በረዶ ለብሷል፣ ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ ኪርክ የሚል ተቀርጿል። የማን ይሁን፣ የየትኛው እምነት ይሁን፣ ማን ጠየቀ? መስቀል አለበት። ቤተ ክርስቲያን ነው። ደረጃውን ወጥታ በሩን ተሳለመችና ተሳለች።

ያለው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። የሌለው ጉልበቱን ይሳላል፤ ውሃ ይቀዳል፣ ደጅ ይጠርጋል። ዘነቡም ያን ቀን በእጇ ምንም አልነበራት። «ልጄን መልስልኝ እንጂ በረዶ በጣለ ቁጥር ይህን ደጅህን እጠርጋለሁ። እስክሞት» አለች። ነገ ዛሬ አላለችም፤ እዚያው በባዶ እጇ ጀመረች። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ዛቀች። ጨርሳ ስትመለስ ልጁ ትኩሳቱ ወርዶ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ «ማም፣ እጅሽ ለምን ቀላ?» አላት በእንግሊዝኛ። እንግዲህ ይህችን ሴት «አጋጣሚ ነው» በላት! ማን ይደፍራል?

ከዚያ ወዲህ አንድም በረዶ አምልጧት አያውቅም። ሥራ ካለባት ከሺፍት በፊት ሄዳ ትጠርጋለች፤ ጉንፋን ይዟትም ሄዳለች። ስለት እኮ ዋዛ አይደለም። የተሳሉትን ያላስገቡ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው እየሰማች ነው ያደገችው፤ ከሰፈሯ አንዱ አፉ ተጣሞ ቀርቷል፣ የአንዷን ልጅ ጎርፍ ወስዶታል። እውነት ይሁን አይሁን እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። እሷ ታምነው ነበር፤ ቤቷም ልጇም የቆሙት በዚያ አካፋ ላይ ነው ብላ ታምን ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ሚስተር ዳንከን የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን የላካት ድርጅት ያለ መስሏቸው «አላዘዝንም» ብለው ሊመልሷት ሞከሩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻቸው። በሁለተኛው ዊንተር ሻይ ይዘውላት ይወጡ ጀመር። በሦስተኛው ለምን እንደምትመጣ ነገረቻቸው። ሳይስቁ ሰሟት፤ በዚህም ወደደቻቸው።

ባለፈው መጸው፣ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ፣ እሳቸው ራሳቸው ስልክ ደውለው ጠሯት። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ተሸጠናል» አሏት። «የቀረነው ጥቂት ሽማግሌዎች ነን፤ አዳራሹን እንኳ ማሞቅ አቃተን። ገዢው አፓርታማ ሊያደርገው ነው። እኔም አሪዞና ልጄ ጋ ልገባ ነው። የዘንድሮን በረዶ ልጥረግ ብለሽ አትምጪ ልልሽ ነው የጠራሁሽ።»

ዘነቡ ቀና ብላ ድንጋዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየች። «ይሄ ሰውዬስ ዘመድ የለውም? ይሄ ኪርክ የሚሉት፣ ያሠራው ሰውዬ? ዘመዶቹ እምቢ አይሉም?»

ሽማግሌው ሳቁ። «የሰው ስም መስሎሽ ነው እስካሁን? ስም አይደለም። አያቴ ስኮትላንድ የተወለዱ ሰው ናቸው፤ እነሱ ቤተ ክርስቲያንን ኪርክ ነው የሚሉት። እንግሊዞቹ ደግሞ ቸርች ይላሉ። ሁለቱም አንድ ቃል ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው በባሕር ከሰሜን ሰዎች፣ ከቫይኪንጎቹ፣ አፍ ስለሆነ ‹ክ› ሳይለሰልስ እንደ ደረቀ ቀረ። ሥሩ ግን የእነሱም የእኛም አይደለም፣ የግሪክ ነው። ኪርያኮን። የጌታ የሆነ ማለት ነው። የጌታ ንብረት።»

«ኪርያ አሉ?» ዘነቡ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። «ኪርያላይሶን የምንለው ኪርያ ነው?»

«ራሱ ነው። ጌታ ሆይ ማለት አይደል?»

ኪርያላይሶን ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ የምትለው ነው። በቅዳሴ፣ በስግደት፣ መኪና ሲንሸራተትባት የምትለው ነው። ያ ቃል ይህን ያህል ዘመን ከራሷ በላይ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ሲያያት ኖሯል፤ እሷ የአንድ ሀብታም ፈረንጅ ስም መስሏት!

ሽማግሌው ወሬው ስለጣማቸው ቀጠሉ። «የሚገርምሽ ነገር፣ የሰሜን ሰዎች ቃሉን የወሰዱት እምነቱን ከመቀበላቸው በፊት ነው የሚሉ አሉ። ለዘረፋ ሲወርዱ የሚያዩት ቤት ነበር። የማን ቤት እንደሆነ ስሙን ያውቁታል። አውቀው ነው የሚዘርፉት።»

«ከዚያስ? ምን ደረሰባቸው?» አለች ዘነቡ።

«ምን ይደርስባቸዋል? ውለው አድረው አመኑ» አሉና ሳቁ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያዩ እጇን ያዙ። «ስሚኝ፣ ይህን የነገርኩሽ እንዲቀልሽ ነው። ይሄ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ይሸጣል። የጌታ የሆነ ነገር ግን የትም አለ። የራስሽን ደጅ ብትጠርጊም የእሱን ጠረግሽ ማለት ነው። እዚህማ ከፈለገ ዘንድሮ እሱ ራሱ ይጥረገው!»

ደግ ሰው ናቸው፤ ለደግ ነው ያሉት። ግን ሰው የሚሰማው የፈራውን ነው። ዘነቡ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስታስበው ነገሩ ተገልብጦ መጣባት። የጌታ ንብረት ከሆነ ማን ሸጠው? እነዚያ ሽማግሌዎች ምን ሥልጣን አላቸው? ባለቤቱ መቼ ፈረመ? እሷ የተሳለችው ለሽማግሌዎቹ አይደለም፤ ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ አልሸጠም፣ አልለቀቀም፣ አልሄደም። ስለዚህ ስለቷም የትም አልሄደም።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። አካፋዋን ጭና ስትደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያውን በብረት አጥር ታጥሯል፣ መግባት ክልክል ነው ይላል፣ መስኮቶቹ ወልቀው ላስቲክ ተንጠልጥሎባቸዋል። ሠራተኞች ነበሩ። ለመነቻቸው። «ሌዲ፣ እዚህ ከወደቅሽ ማን ይጠየቃል?» ብለው መለሷት። ደረጃው ላይ ያለውን ነጭ በረዶ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ፣ ሳትጠርግ ተመለሰች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አሁን የኮሌጅ ተማሪ የሆነው አክሊል ኮሌጁ ውስጥ ወደቀ። አረፋ ደፍቆ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ምላሱን ነክሶ።

ሐኪሞቹ ምንም አልደበቋቸውም። ያ የድሮው በሽታ አንጎሉ ላይ ጠባሳ ትቶ ነበር፤ ጠባሳው አሁን የሚጥል በሽታ አመጣ፤ እንዲህ ቆይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። መድኃኒት ጀመሩለት። «ሰውነቱ እስኪለምደው ብቻውን አይሁን» አሉ። «ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየበት ለሕይወቱ ያሰጋል፤ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ።» ሙላው ይህን በደንብ ሰማ። ዘነቡም ሰማች፣ ራሷንም ነቀነቀች። በልቧ ግን ጠባሳ ምናምን የሚሉት ነገር አልገባም። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ደጁ ሳይጠረግ ቀረ፣ ልጁ ወደቀ።

የንስሐ አባቷን አባ ሰረቀብርሃንን ሄዳ አማከረች። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ባላንጣሽ አይደለም» አሏት። «ስለቱን ወደ ደብራችን አዙሬልሻለሁ። የኛን ደጅ ጥረጊ፣ አለቀ።» እሺ አለች። መስቀል ተሳልማ ወጣች። ነገር ግን የደብሩን ፓርኪንግ የሚጠርገው ማሽን ነው፤ ደረጃውን ደግሞ ወጣቶቹ እየተሻሙ ይጠርጉታል፤ እሷ ስትደርስ ጨው እንኳ ተነስንሶበታል። ይሄ ምኑ ስለት ነው? የጥጋብ ሥራ ሆነባት። በዚያው ሳምንት አክሊል ደግሞ ወደቀ።

«ዘኑ፣ ተይ» አላት ሙላው፣ መስኮት ላይ ቆማ ሰማይ ሰማይ ስታይ ሲያገኛት። «በሞቴ ተይ። ልጁ የሚፈልገው መድኃኒቱንና አንቺን ነው።»

«አንተ አልተሳልክማ!»

«እኔ አልተሳልኩም። አባቱ ነኝ ግን።» ያኔ አለቀሰች። ሙላው ሰማዩ እንዳይታያት መጋረጃውን ሳበው።

ከዚያ በኋላ ሺፍታቸውን አሸጋሽገው ልጁን በየተራ ይጠብቁት ጀመር። አክሊል ደግሞ ሲመጣበት ያውቀዋል። የተቃጠለ ጎማ ይሸተዋል፤ ከዚያ ትንሽ ጊዜ አለው። አንዳቸው ጓዳ ቢሆኑ እንኳ ሽታው ሲመጣ ስልክ እንዲደውልላቸው ተስማሙ፤ መጮህ ያሳፍረዋል፣ ጎረምሳ ነዋ።

የጥር ቅዳሜ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ወፍራም በረዶ ይወርዳል፤ ሙላው አውቶቡሱን ይዞ ሚኒያፖሊስ ነው። ተራው የዘነቡ ነው። አክሊል ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጌም ይጫወታል። እሷ ከመስኮት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መስኮት። በየደቂቃው በረዶው ይወፍራል፤ በየደቂቃው ያ ደረጃ ይታያታል። ቅዳሜ ነው፣ ሠራተኞቹ የሉም። ሠራተኞቹ በማይኖሩበት ጊዜ የአጥሩ በር በሰንሰለት ብቻ እንደሚታሰርና ቀጭን ሰው እንደሚያሳልፍ አይታለች፤ ለስንት ጊዜ ሄዳ እንዳየችው ሙላው አያውቅም። ደርሳ ትመለሳለች። ልጁ ደህና ነው። ደህና ሆኖ እንዲቆይ አይደል የምትሄደውስ?

«አክሊሌ፣ ወተት አልቋል። ደረስ ብዬ ልምጣ?»

«ማም፣ አም ፋይን። ጎ!» አላት ዓይኑን ከጌሙ ሳይነቅል።

ግንባሩን ሳመችው። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማም!» እያለ በእጁ ጠረገው። ወጣች።

መንገዱ ክፉ ነበር። መኪኖች ከመንገድ ወጥተው ቆመዋል፤ እሷ ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን እያለች ነዳች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ሰው የለም። በሰንሰለቱ ሥር ሾልካ ገባች፤ ኮቷ ተያዘና ተተረተረ፣ ግድም አላላት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጡ ጨለማ ነው። በሩ ተነቅሎ ሄዷል፤ በሩ በነበረበት በኩል ብርድ ይመጣል፣ ከውጭው ብርድ የባሰ። የተንጠለጠለው ላስቲክ ንፋስ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ሰው ያለ እየመሰላት ደጋግማ ዞር አለች። ፈራች። ግን ከላይኛው ደረጃ ጀመረች።

በረዶው ከላይ ለስላሳ፣ ከሥር ድንጋይ ሆኗል፤ ያልጠረገቻቸው በረዶዎች ሁሉ እዚያው ተቆልለው ጠብቀዋታል። በአካፋው ጠርዝ እየፈለጠች ወረደች። ላቧ በጀርባዋ ፈሰሰ። ግማሽ እንደደረሰች ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ አየችው።

አክሊል ይላል።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እዚህ ላይ ይህችን ሴት ክፉ እናት ናት የሚል ካለ አያውቃትም። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ነበር። ግን ቀና ስትል የቀሩትን ደረጃዎች አየች። ባለፈው ሳትጠርግ ስትመለስ ምን እንደሆነ ታውቃለች። አሁን ካነሳች ትሮጣለች፤ ከሮጠች ደጁ በግማሹ ይቀራል፤ በግማሹ ከቀረ ደግሞ ልጁን የሚያነሳው የለም። እሷ ቤት ሆና ምን ታደርግለታለች? እጁን ከመያዝ በቀር? እዚህ ግን ሥሩን ነው የምትይዘው። «መጣሁ፣ መጣሁ የኔ ጌታ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ» አለችው ለስልኩ፤ ወደ ኪሷም መለሰችው። እንደ እብድ ትፈልጥ ጀመር። ስልኩ እንደገና ጠራ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ተነሳላት። ተሻለው ማለት ነው! ተቀበለኝ! እያለቀሰች፣ እየሳቀች የመጨረሻውን ደረጃ ጠረገች፤ ተንበርክካም ሳመችው።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ደወለችለት። አያነሳም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ሙላው ደወለላት፤ አውቶቡሱን አስረክቦ በራሱ መኪና አምቡላንሱ ወደሄደበት ሆስፒታል እየነዳ ነበር። አክሊል እናቱን ሲያጣ ለአባቱ ደውሎ ነበር፤ ሙላው አውቶቡስ እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ መጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ሲያየው መልሶ ደወለ፣ የሚያነሳ ጠፋ፤ ያኔ አምቡላንስ ጠራ። በሩን ሰብረው ሲገቡ ልጁ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል በፊቱ ተደፍቶ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ አክሊል በማሽን ይተነፍሳል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ዓይናቸውን እያየች ነው የነገረቻቸው። አንጎሉ አየር ያጣበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ይነቃል ብላ ቃል አትገባም፤ ቢነቃም የሚያውቁት አክሊል ይሆናል አትልም። ቀደም ብሎ ሰው ደርሶለት ቢሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ «መቼ እንደጀመረው ማወቅ ይጠቅመናል። ደውሎ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀች።

«ለእኔ ደውሏል፤ መንገድ ላይ ነበርኩ» አለ ሙላው። ወደ ዘነቡ ዞረ። አልተቆጣም፤ ዓይኑ ውስጥ ገና ተስፋ ነበረበት። «ላንቺም ሳይደውል አይቀርም። ምን አለሽ?»

ዘነቡ የልጇን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች። ቀስ ብላ ታሻሸዋለች፣ እንዲሞቀው።

«አላነሳሁትም።»

«ለምን?» አለ ሙላው።

«እሱን እያዳንኩት ነበር» አለች።